በጃፓን ደሴት እንግሊዝኛ ለማስተማር፦ የትኛውን መንገድ፣ የትኛውን ደሴት ልምረጥ?

ጃፓን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቶኪዮ ነው። መብራቱ፣ ባቡሩ፣ ግፊያው። ከዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ውጪ ግን ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች 400 ገደማ ናቸው። ልጅ ያለበት ደሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት አለው፤ ትምህርት ቤት ካለ እንግሊዝኛ አለ። ከ2020 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እንግሊዝኛ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ማርክ የሚያዝበት መደበኛ ትምህርት ሆኗል፤ በዓመት 70 ክፍለ ጊዜ። 3ኛና 4ኛ ክፍልም 35 ክፍለ ጊዜ ይማራሉ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ልጅ ብቻ ቢኖርም ያው ነው።

ስለዚህ ኤኤልቲ የሚባለው የረዳት ቋንቋ መምህር ሥራ እስከ ሩቅ ደሴቶች ድረስ ይሄዳል። ለማመልከት የሚያስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ግን "የትኛው ደሴት ያምራል?" ብለው ነው። ሁሉም ያምራሉ። እኔ የምለው፣ ፎቶውን ተዉትና ሁለት ነገር እዩ፦ መርከቡ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አለው? ኑሯችሁም ሥራችሁም የሚወሰነው በእነዚህ ነው።

መጀመሪያ የፓስፖርቱን ነገር እንጨርስ

ዋናው በር ጄት ፕሮግራም ነው። በ1987 የተጀመረ፣ ከውጭ አገር ረዳት መምህራን የሚያስመጣ የጃፓን መንግሥት ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ የሚመለከተውም ዜግነት ባላችሁበት አገር ባለው የጃፓን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ ወይም የአውስትራሊያ ፓስፖርት ያለው ሐበሻ በሩ ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አዲስ አበባ ያለውን የጃፓን ኤምባሲ በዚያ ዓመት ማንን እንደሚወስድ ይጠይቅ። ከኤምባሲው ውጪ "እኔ አስገባሃለሁ" የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉበት።

ከጄት ውጪ በሌላ መንገድ ለመግባት ለሚያስብም አንድ እንቅፋት አለ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ቋንቋ ለማስተማር የሚሰጠው ቪዛ በአጠቃላይ በዚያው ቋንቋ 12 ዓመት መማርን ይጠይቃል። እኛ አገር በብዙ ክልል እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ብትደምሩበት እንኳ 12 ላይ መድረስ ይከብዳል። የግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥሩበት ቪዛ በዲግሪ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ችግሩ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚበዙት ከተማ ውስጥ መሆኑ ነው። 300 ሰው የሚኖርበት ደሴት ላይ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤት አትጠብቁ።

ጄት፣ ኤጀንሲ ወይስ ቀጥታ ቅጥር?

ጄት በገንዘብ ይበልጣል። ለዓመታት የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ 3.36 ሚሊዮን የን ነበር፤ በ2025 ወደ 4.02 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። የአውሮፕላን ትኬት ይከፈልላችኋል። ቤትም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥራችሁ የትምህርት ቦርድ ፈልጎ ይጠብቃችኋል፤ ደሴት ላይ ብዙ ጊዜ የመምህራን መኖሪያ ነው፣ ኪራዩም ርካሽ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ሆኖ እስከ አምስት ዓመት ይታደሳል።

ጉዱ ያለው ምደባው ላይ ነው። ቅጹ ላይ የምትፈልጉትን ቦታ መጻፍ ትችላላችሁ፤ ቃል የሚገባላችሁ ግን የለም። እኛ አገር ተመራቂ መምህር ዕጣ አውጥቶ ያላሰበው ወረዳ እንደሚደርሰው ነው። ደቡብ ጫፍ ያለውን ኦኪናዋ የጻፈ ሰው ሰሜን ጫፍ ያለው ሆካይዶ ሊደርሰው ይችላል። የሚያስተዛዝነው፣ ደሴት የሚመርጥ አመልካች ብዙ ስላልሆነ "ገጠር ይሁን፣ ደሴትም ቢሆን እሄዳለሁ" ብሎ መጻፍ ዕድልን የሚያሰፋ ይመስለኛል።

ኤጀንሲ ሌላ ነው። አዲስ አበባ በኤጀንሲ የተቀጠረ የባንክ ሠራተኛ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የምትሠሩት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ደመወዛችሁ ከኩባንያው። በወር ከ200 ሺህ እስከ 250 ሺህ የን አካባቢ የተለመደ ነው። ትምህርት በሚዘጋበት በነሐሴ ደመወዝ የሚቀንሱም አሉ። ትኬት በራስ ነው። ጥሩ ጎኑ የምትሄዱበትን ቦታ ከመፈረማችሁ በፊት ማወቅ መቻላችሁ ነው፤ አንድን ደሴት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህ ይጠቅመዋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ኤጀንሲ ከትምህርት ቦርዱ ጋር የሚፈራረመው በሥራ ተቋራጭ መልክ ነው። እንዲህ ሲሆን የክፍሉ መምህር በቀጥታ እንዲያዛችሁ ሕጉ አይፈቅድም፤ ትእዛዝ በኩባንያው በኩል መምጣት አለበት። ትልቅ ከተማ ውስጥ ይሄ የወረቀት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አምስት መምህራን ብቻ ያሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው "ነገ ይሄን ጨዋታ እንሥራ" ለማለት ሲቸገር ታያላችሁ።

ቀጥታ ቅጥር፣ ማለትም የትምህርት ቦርዱ ራሱ ሲቀጥራችሁ፣ ከሁሉም የተረጋጋው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ግን ጃፓን ውስጥ ያሉ፣ ጃፓንኛ የሚሞክሩና መንጃ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። በጄት ገብተው አምስት ዓመታቸውን ጨርሰው እዚያው የሚቀሩም አሉ። ከዚህ ሌላ ከ2009 ጀምሮ ገጠርን ለማነቃቃት ሰው የሚቀጠርበት እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የመንግሥት ፕሮግራም አለ፤ ጃፓንኛችሁ ጥሩ ከሆነ ብቻ አስቡት።

የእኔ ፍርድ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ዕጣውንም ችሎ ጄት ይሞክር። ጃፓን ውስጥ ያለ ሰው ቀጥታ ቅጥር ይፈልግ። ኤጀንሲ የሚሻለው ለአንድ ለተወሰነ ቦታ ብሎ ደመወዝ ለሚተው ሰው ነው፤ ቤተሰብ የምትረዱ ከሆነ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሥሩት።

ድልድይ ያለው ደሴት

አንዳንዱ ደሴት በድልድይ ተገናኝቷል። በሴቶ የውስጥ ባሕር ላይ ኦኖሚቺን ከኢማባሪ የሚያገናኘው ሺማናሚ ካይዶ የሚባለው ባለ ብዙ ድልድይ መንገድ በ1999 ድልድዮቹ ሁሉ ከተከፈቱ ጀምሮ እዚያ መስመር ላይ ያሉት ደሴቶች ማታ ከሥራ ወጥቶ ከተማ ደርሶ መመለስ የሚቻልባቸው ሆነዋል። ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ አየሩ ደረቅ ያለ፣ ተራራው ብርቱካን በብርቱካን ነው። ልጆች ላሉት ሰው ወይም ብቸኝነት ለሚያስፈራው ሰው እዚህ ይሻላል።

ድልድይ አለ ማለት ግን ደሴት መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም። ያማጉቺ ክፍለ አገር ያለችው ሱኦ ኦሺማ በአንድ ድልድይ ከዋናው መሬት ጋር ተያይዛለች። ጥቅምት 2018 ላይ አንድ የጭነት መርከብ ድልድዩን ገጨው። የውኃ ቧንቧው በዚያው ድልድይ ያልፍ ስለነበር ደሴቷ ለ40 ቀን ያህል ውኃ አጥታ ከረመች። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ65 ዓመት በላይ ነው። ጀሪካን ተሸክሞ የሚያግዝ ጉልበት ያለው ሰው፣ የውጭ አገር መምህርንም ጨምሮ፣ ያኔ ምን ያህል እንደሚፈለግ አስቡት።

ትልልቆቹ ደሴቶች

ሳዶ፣ ጹሺማ፣ ኢኪ፣ ፉኩኤ፣ አማሚ፣ ሚያኮ፣ ኢሺጋኪ። እነዚህ ሱፐርማርኬት፣ ሆስፒታልና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላቸው። ለብዙ ሰው ትክክለኛው ምርጫ እዚህ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳዶ 50 ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት። ከኒጋታ መኪና በሚጭነው መርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጄትፎይል በሚባለው ፈጣን ጀልባ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። በብርዱ ወቅት ግን የጃፓን ባሕር ይቆጣል። ጄትፎይሉ ይቀራል፤ ትልቁ መርከብም የሚቀርበት ቀን አለ። ቤቱ ውስጥ የሚያሞቃችሁ የነጭ ጋዝ ማሞቂያ ነው፤ ጋዙን ራሳችሁ ሞልታችሁ፣ አየር እንዲገባ አልፎ አልፎ መስኮት እየከፈታችሁ።

ጹሺማ ለኮሪያ ትቀርባለች፤ ቡሳን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ደሴቷ ከሰሜን እስከ ደቡብ 82 ኪሎ ሜትር ነች፤ አብዛኛው ጫካና ተራራ። እዚህ የተመደበ መምህር ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው በጠመዝማዛ መንገድ መንዳት የሥራው ግማሽ ነው። መንዳት የማይወድ ሰው ይለፋት።

ፉኩኤ ያለችበትን የጎቶ ደሴቶችን ለብቻ ማንሳት እፈልጋለሁ። ክርስትና በጃፓን በ1614 ከታገደ በኋላ እስከ 1873 ድረስ እምነታቸውን ደብቀው የያዙ ሰዎች የኖሩት እዚህና በአካባቢው ነው። ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዙ ቦታዎች በ2018 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ቤተ ክርስቲያናቱ ካቶሊክ ናቸው። እሑድ ጠዋት የትም ሄዶ መስገድ ለሚፈልግ ሰው ግን፣ ገጠር ጃፓን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ከናጋሳኪ በጄትፎይል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

አማሚ ሙቅ ናት፤ ከካጎሺማ መርከቧ ማታ ተነሥታ ጠዋት ትደርሳለች፣ 11 ሰዓት ያህል። አውሮፕላንም አለ። ሀቡ የሚባል መርዘኛ እባብ አላት፤ ማታ ያለ ባትሪ መንገድ አትውጡ። ሚያኮና ኢሺጋኪ ደግሞ ቱሪስት ስለሚበዛባቸው ቤት ኪራይ እንደ ገጠር ርካሽ አይደለም።

ትንንሾቹ

ልብ የሚሰርቁት እነዚህ ናቸው። የሚፈትኑትም እነዚህ ናቸው።

ኦጋሳዋራ በአስተዳደር የቶኪዮ አካል ናት፤ ከቶኪዮ ግን 1000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መርከቧ 24 ሰዓት ትጓዛለች፤ ከጉብኝት ወቅት ውጪ በስድስት ቀን አንድ ጊዜ ገደማ ትመጣለች። ጥርሳችሁን ሰኞ ቢያማችሁ መርከቧ መቼ እንደምትመጣ ትቆጥራላችሁ ማለት ነው። አኦጋሺማ ደግሞ ከ200 በታች ሕዝብ ያላት፣ የጃፓን ትንሿ መንደር ናት። ከጎረቤቷ ደሴት ከሐቺጆጂማ ዘጠኝ ሰው በሚጭን ሄሊኮፕተር 20 ደቂቃ ነው፤ ጀልባውማ ባሕሩ እንደፈቀደ ነው።

በኦኪ ደሴቶች ያለችው አማ ከተማ ከነዚህ የምትለይ ናት። 2300 ገደማ ሰው አላት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ በተማሪ እጥረት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ከሌላ የጃፓን ክፍል ልጆች መጥተው እንዲማሩ አድርገው ተማሪውን ወደ እጥፍ ገደማ አሳደጉት። ሰው ከውጭ ሲመጣ የለመደች ደሴት ስለሆነች ለእንግዳ ቀለል ትላለች።

ስለ ትንሽ ደሴት ስታስቡ ወደቡ ላይ ያለችውን ሰሌዳ አስቡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ይወጣና ይለጥፋል። አንዳንድ ቀን "ትነሣለች" ይላል፤ አንዳንድ ቀን "ቀርታለች"። ሦስተኛው ነው የሚገርመው፤ ባሕሩ ካስቸገረ ከመንገድ ልትመለስ እንደምትችል አውቃችሁ ተሳፈሩ የሚል። ሁለት ሰዓት ታንገላታችሁ መልሳ እዚያው ወደብ ልታወርዳችሁ ትችላለች። በአውሎ ነፋስ ወቅት ከሱቁ መደርደሪያ ቀድመው የሚያልቁት ዳቦ፣ ወተትና እንቁላል ናቸው። የአገሬው ሰው ሁለት ቀን ቀድሞ ይገዛል። እናንተም ትለምዱታላችሁ።

ክፍሉ ውስጥ

ብዙ ሰው ደሴት ሲመርጥ ስለ ሥራው የሚያስበው በመጨረሻ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

ትልቅ ደሴት ላይ አራት አምስት ትምህርት ቤት ይደርሳችኋል። "ስሜ እገሌ ነው፣ የመጣሁት ከዚህ ነው፣ የምወደው ምግብ ይሄ ነው" የሚለው የመጀመሪያ ትምህርታችሁ በየክፍሉ እየተደገመ ሳምንታት ያስኬዳችኋል። ትንሽ ደሴት ላይ በሁለት ቀን ያልቃል። በሦስተኛው ቀን እነዚያው ልጆች እነዚያው ወንበሮች ላይ ተቀምጠው "እሺ፣ ቀጥሎስ?" በሚል ዓይን ያዩአችኋል።

የተማሪ ቁጥር ሲያንስ ሁለት ክፍል በአንድ ላይ ይማራል። 5ኛና 6ኛ፣ አራት ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ። በቡድን የሚሠሩ ጨዋታዎች አይሠሩም፤ ለሁለት ስትከፍሏቸው ሁለት ሁለት ናቸው። አንዱ ካመመው ጨዋታው ፈረሰ። በተጨማሪ እነዚህ ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረው ስላደጉ "የምትወደው ቀለም ምንድን ነው?" ብሎ መጠያየቅ ትርጉም የለውም፤ መልሱን ያውቁታል። የማያውቁት እናንተን ብቻ ነው። ስለዚህ በትንሽ ክፍል ውስጥ ጥሩ መምህር የሚሆነው ጨዋታ የሚያበዛ ሳይሆን ወሬ የሚችል ሰው ነው። ከቤታችሁ ፎቶ አምጡ። የቡና ሥነ ሥርዓት አሳዩአቸው፤ ጀበናው ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ምን ማለት እንደሚችልና ምን እንደሚያቅተው በስም ታውቃላችሁ። 35 ልጅ ባለበት ክፍል ይሄ አይታሰብም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሌለበት ደሴት ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ኦኪናዋ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ይህ የታወቀ ነገር ነው። ለመምህሩ ምን ማለት ነው? እንግሊዝኛው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ልጁ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ብቻውን ለመኖር እየተዘጋጀ ነው። ወላጆችም ይህን ያውቃሉ። ከመምህሩ የሚጠብቁትም በዚያው ልክ ነው።

ጃፓናውያን ባልደረቦቻችሁም ብዙዎቹ የደሴቷ ሰዎች አይደሉም። የመንግሥት መምህር በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል። መጋቢት መጨረሻ ላይ ተዛዋሪው መርከብ ላይ ይቆማል፤ ልጆቹ ከታች፣ በመሐል ባለ ቀለም የወረቀት ጥቅልል ተዘርግቶ፣ መርከቧ ስትርቅ ይበጠሳል። እንግዳ የሆናችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ይሄን ማወቅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያቀልላል።

ሆድና ጾም

የጃፓን ትምህርት ቤት ምሳ የሚበላው ከልጆች ጋር ክፍል ውስጥ ነው። ወተት በየቀኑ አለ። ሾርባውና ወጡ ደግሞ ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ይሠራል፤ አትክልት ብቻ የሚመስለውም ጭምር። ዓሣ በጾም የሚበላ ሰው ብዙ አይቸገርም። ከዓሣም የሚጾም ሰው፣ እንዲሁም የአሳማ ሥጋ የማይነካ ሙስሊም፣ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ለምክትል ርእሰ መምህሩ መናገርና ምሳቃ ማምጣት አለበት። አለርጂ ላላቸው ልጆች የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም አይደነቅም። ደጋግሞ በዝምታ መተው ነው የሚያስቀይመው።

ቡና አያሳስባችሁም፤ የኢትዮጵያ ጥሬ ቡና በኢንተርኔት ታዝዞ ይመጣል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ሻጭ ወደ ሩቅ ደሴት ሲልክ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ከማዘዛችሁ በፊት እዩት።

መኪና

ከትንንሾቹ በስተቀር መኪና ያስፈልጋችኋል። ደሴት ላይ የሚነዳው ቢጫ ታርጋ ያላት 660 ሲሲ ትንሽ መኪና ናት። አሮጌ ግዙ፤ የባሕር ጨው አዲሱንም ዝገት ያበላዋል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ያስኬዳል፤ ከዚያ ወደ ጃፓን መቀየር ግድ ነው። የካናዳ፣ የእንግሊዝና የአውስትራሊያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከመንዳት ፈተናው ነጻ ነው። አሜሪካ ግን እንደ ስቴቱ ይለያያል። የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ስቴት መንጃ ፈቃድ ያለው ከፈተናው ነጻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ሲያትል ያላችሁ፣ ለካስ ዕድለኞች ናችሁ። የዲሲ መንጃ ፈቃድ ያለው ጎረቤታችሁ ግን መፈተን አለበት፤ ፈተናው ደግሞ ደጋግሞ የሚጥል ነው፤ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ደሴቷ ላይ ሳይሆን ዋናው መሬት ላይ ነው።

ታዲያ ማን የት ይሂድ?

ልጅ ካላችሁ ወይም ክትትል የሚፈልግ ሕመም ካለባችሁ ድልድይ ያለው ወይም ትልቁ ደሴት ላይ ቆዩ። በትንንሾቹ ደሴቶች ነፍሰ ጡር ሴት ከመውለጃዋ በፊት ወደ ዋናው መሬት መሄድ የተለመደ ነው፤ ድንገተኛ ሕመም በሄሊኮፕተር ነው የሚወሰደው። ገንዘብ ለማጠራቀም ከሆነ ትንሽ ደሴት ጥሩ ነው፤ የሚገዛ ነገር የለም። ጃፓንኛ ለመልመድም እንዲሁ። ሰው የማያውቀኝ ቦታ ልረፍ የምትሉ ከሆነ ግን ትንሽ ደሴት አይሆናችሁም፤ ምን ገዝታችሁ እንደወጣችሁ ከሱቁ እስከ ትምህርት ቤት ይሰማል፣ በዚያ ላይ እንደኛ ጠቆር ያለ ሰው ደሴቷ ላይ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጆች ጸጉር ይነካሉ። አዛውንቶች አፍጥጠው ካዩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ በር ላይ ጎመንና ድንች አስቀምጠውላችሁ ይሄዳሉ።

ቦታው ከተነገራችሁ በኋላ፣ ከመፈረማችሁ በፊት፣ የትምህርት ቦርዱን ወይም እናንተ የምትተኩትን መምህር እነዚህን ጠይቁ፦ ትምህርት ቤቶቹ ስንት ናቸው፣ በእያንዳንዱስ ስንት ልጅ አለ? ባለፈው ጥር መርከቧ ስንት ቀን ቀረች? መርከብ ቀርታ ከዋናው መሬት መመለስ ካልቻልኩ ያ ቀን ከዓመት ዕረፍቴ ላይ ይቆረጣል? መኪና ከቀዳሚው መምህር መግዛት እችላለሁ? ክሊኒኩ ሐኪም በየቀኑ አለው ወይስ በሳምንት አንዴ ይመጣል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ መልሱ ከተድበሰበሰ በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።